ረቡዕ በቀኝ፣ ዓርብ በግራ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። በርበሬ ደርቆ ወደ ገበያ መውጣት የጀመረበት ሰሞን እንደነበር ብቻ አውቃለሁ፤ ስለዚያ ፈተና ባሰብሁ ቁጥር አፍንጫዬን የሚሰረስረኝ የበርበሬ ሽታ ነውና። ዓመቱን የሚጠይቀኝ ካለ አንዱን ካንዱ አምታታበታለሁ። ነገሩ ግን ይኸው እስከዛሬ ከጣቶቼ አልወጣም።

እኔ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የምኖር ገበሬ ነኝ። በትምህርት ከስምንተኛ ክፍል አላለፍሁም። ክራር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እመታለሁ። በቀበሌያችን ትምህርት ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ተሰጥታኝ፣ ልጆቹ ከትምህርት ሲወጡ ክራር አስተምራቸው ነበር። ክራሮቹን እንጨት ጠርቤ፣ ቆዳ ወጥሬ የሠራኋቸው እኔው ነኝ። ግድግዳው ላይ ተሰቅለው፣ በር ሲከፈት ነፋሱ ነካ ሲያደርጋቸው ሁሉም በየፊናቸው ያጉረመርማሉ። ያቺን ድምፅ እወዳት ነበር።

አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ ጠራኝና አንገቱን ደፍቶ፣ «አባቴ፣ ከእንግዲህ የምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ክፍል ገብቶ እንዳያስተምር ተብሏል። እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ክፍሏስ?» አልሁት።

«የመጽሐፍ ማስቀመጫ ትሁን ተብሏል።»

«ክራሮቹስ?»

እጄን ይዞ እስከ በር ሸኘኝ። ደግ ሰው ነው።

በዚያው ሰሞን ፍኖተ ሰላም ላይ፣ በልምድ ሙዚቃ ለሚሠሩ ሰዎች አጠር ያለ የኮሌጅ ትምህርት ተከፍቷል ተባለ። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰና መሣሪያ የሚችል ይገባል። ለባለቤቴ ብነግራት፣ «ሂድ እንጂ። ሞፈሩን ልጅህ ይይዘዋል። አንተ ቤት ቁጭ ብለህ ያችን ክፍል እያሰብህ ከምትቆዝምብኝ ይሻላል» አለችኝ። ሽበቴን ይዤ ተማሪ ሆንሁ።

ክራሩን ያየልኝ መምህር ምንም አላስቸገረኝ። ጭንቁ የመጣው በፒያኖ ነው። ለካ ክራር ተጫዋችም ሁን፣ ዋሽንት ነፊም ሁን፣ ድምፃዊም ሁን፣ የፒያኖ ብቃት ፈተና ሳታልፍ ወረቀት የለም። ስኬል የሚሉት አለ፤ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች በተርታ እየነኩ መውጣትና መውረድ ነው። መጀመሪያ በቀኝ እጅ፣ ቀጥሎ በግራ፣ በመጨረሻ በሁለቱም። ከዚያ አንዲት አጭር ዜማ በሁለት እጅ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ይህን እንደ ጨዋታ ይሠሩታል። እኔ ሞትሁበት።

ለምን ቢሉ፣ በክራር እያንዳንዱ የግራ እጅ ጣት የራሱ ክር አለው። አምስት ጣት፣ አምስት ድምፅ፤ ስድስተኛው ክር የመጀመሪያው እጥፍ ነው። ጣት ከቤቱ አይወጣም፣ የጎረቤቱን ክር አይነካም። ዕድሜዬን ሙሉ ጣቶቼ እንዲያ ተቀምጠው ኖረዋል። ፒያኖው ላይ ስዘረጋቸው እነሱ እቴ፣ ሳላዛቸው ተራርቀው የትዝታን ቅኝት ይዘው ይቀመጣሉ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ብዬ እወጣና አራተኛውን ፋን ዘልዬ ሶል ላይ እገኛለሁ። ላን ነክቼ ሲን እዘልና ላይኛው ዶ ላይ አርፋለሁ። ለኔ ጆሮ ምንም አልጎደለም። እንዲያውም ያማረ ነው።

መምህሩ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። አጠገቤ ቆሞ በቀስታ፣ «ጋሼ፣ ፋ የት ሄደች?» ይለኛል።

«አሁን እዚህ ነበረች» እለዋለሁ።

ልጆቹ ይስቃሉ። አንዱ ከኋላ ሆኖ፣ «አባባ እኮ ፋን ተቀይመዋታል» ይላል። በክፋት አይደለም። ቢሆንም ሣቁ ጆሮዬ ውስጥ እቤት ድረስ ይከተለኛል።

በዚያ ላይ አንዱ ጣት ከቤቱ ወጥቶ በሌላው ሥር ይለፍ ይባላል። ስምንት ድምፅ በአምስት ጣት አይደረስማ። አውራ ጣቴ የበሬ ቀንበር ሲያስር የኖረ ነው፤ ና በዚህ ሹለክ ቢሉት በጀ አይልም። የግራዋ ትንሿ ጣቴ ደግሞ በማጭድ ተቆርጣ ጎብጣ የዳነች ናት። ሁለቱን እጆች አንድ ላይ ሳስነሳቸው፣ አንዱ ዳገት ሲወጣ ሌላው ገደል ይገባል።

መጀመሪያ ተፈተንሁና ወደቅሁ። ፈታኞቹ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። አንዷ ብቻ፣ «አንድ ዕድል ይቀርዎታል፤ እሱ የመጨረሻው ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እህል አልበላ አለኝ። ክፍሏ በዓይኔ ላይ ትመጣለች፤ ክራሮቹ ወርደው፣ ቆዳቸውን አይጥ በልቶት፣ መጽሐፍ በላያቸው ተቆልሎ። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ ይታየኛል። ኮሌጁ ውስጥ ፒያኖው አንድ ነው፤ ተራ እስኪደርሰኝ ይመሻል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ኪቦርዶችም አሉ፤ መብራት ሲጠፋ ግን እንደ ጣውላ ናቸው። ቤት ስገባ የአልጋውን ጠርዝ በጣቴ እየመታሁ አፌ ውስጥ አዜማለሁ። ያው እዘላለሁ። መዝለሌን አውቃለሁ፤ ሳውቅም እዘላለሁ። ሰው የገዛ ጣቱ አልታዘዝ ሲለው ለማን አቤት ይላል?

የተከራየሁት ቤት ከአንዲት የበርበሬ ነጋዴ ጓሮ ነበር። ሙስሊም ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ እኔን የምታክል። ክፍሌንና መጋዘኗን የለየው ቀጭን ግድግዳ ብቻ ስለነበር፣ እኔ አልጋ ስመታ ትሰማለች፣ እኔም በርበሬው ሲገለበጥ አስነጥሳለሁ። ባስነጠስሁ ቁጥር ከወዲያ፣ «ይማርዎት ተማሪው» ትለኛለች። ስሜን አልጠራችውም፤ «ተማሪው» ነው የምትለኝ፣ በአክብሮትም በፌዝም።

ፈተናው ሊደርስ ሲል አንድ ጧት ተስፋ ቆረጥሁ። ሽማግሌ ሆኜ ሁለተኛ ከምዋረድ ልግባ ከእርሻዬ አልሁ። ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ፣ ክራሬን አንግቼ፣ ለማንም ሳልናገር መናኸሪያ ሄድሁ። የሚኒባሱ ረዳት ገና ከሩቅ እጁን አወናጨፈና፣ «ወደ ቡሬ ዛሬ የለም አባባ፤ መንገድ ተዘግቷል» አለኝ።

«ነገስ?»

«የነገን ማን ያውቃል?»

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አልቅሼ ነበር ብል ውሸት ነው፣ አላለቀስሁም ብልም ውሸት ነው። ወደ ፊት መሄድ የለ፣ ወደ ኋላ መሄድ የለ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ስትደርስ ብርድ ልብሴን ተሸክሜ ተመለስሁ።

አከራዬ ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀምጣ የበርበሬ ዘንግ እየቀነጠሰች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«ተማሪው፣ ሳይሰናበቱኝ ሄዱ ብዬ ተቀይሜ ነበር።»

«መንገድ ተዘጋ።»

«ባይዘጋ ሄደው ነበራ።»

ብርድ ልብሴን መሬት ላይ አስቀመጥሁ።

«እስቲ አረፍ ይበሉ» አለችና ዱካ ገፋችልኝ። «ያ የሚደበድቡት ነገር ምን ቢበድልዎት ነው?»

ነገርኋት። ያችን ክፍል፣ ክራሮቹን፣ መውደቄን። ከዚያም፣ «ድምፁ ሰባት ነው፤ ስምንተኛው ተመልሶ የመጀመሪያው ነው። የኔ ጣት የሚያውቀው አምስት ነው» አልኋት።

አንድ ሁለት በርበሬ ቀነጠሰች። «ሰባት ሆኖ ስምንተኛው የመጀመሪያው ከሆነማ ሳምንት ነው» አለች። «ከእሑድ ተነሥተው እሑድ ይገባሉ። የትኛው ነው የሚጠፋብዎት?»

«አራተኛውና ሰባተኛው።»

በርበሬዎቹን ሰሌኑ ላይ ተራ በተራ ደርድራ ቆጠረች። «ረቡዕና ቅዳሜ» አለች። «ወላሂ፣ ረቡዕን የሚዘል ክርስቲያን ዛሬ አየሁ። እኔ ሙስሊሟ እንኳ ረቡዕ ሥጋ ቤታችሁ እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ቅዳሜንስ ምን ብለው ዘለሉት? ገበያዬ አይደል እንዴ?»

ከስንት ቀን በኋላ ሣቅሁ።

«በሉ ጣትዎን ያምጡ» አለች። የበርበሬ ሚዛን የምታስቀምጥበትን ሣንቃ ፊቴ አደረገችው። እሷ ቀን ትጠራለች፣ እኔ እነካለሁ። «እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ...» በፒያኖው ደንብ ቀኝ እጅ ከሦስት ጣት በኋላ ይዞራል፤ ስለዚህ ማክሰኞን እንደነካሁ ረቡዕን አውራ ጣት ሥር ለሥር ሄዶ መያዝ አለበት። በቀስታ ሄደ። ተመልሰን ጀመርን። እሷ እየቀነጠሰች ትጠራለች፣ እኔ እያስነጠስሁ እነካለሁ።

ነገሩ የገባኝ እዚያው ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ስል ዜማ ይሰማኛል፤ ዜማ ከሰማሁ ደግሞ ጆሮዬ እጄን ጎትቶ ወደሚያውቀው ይወስደዋል። እሑድ፣ ሰኞ ግን ዜማ የለውም። ጆሮዬ የሚይዘው ሲያጣ እጄ አፌን ተከተለ።

በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ፣ ከኮሌጅ ስመለስ ሰሌኑ ዳር ዱካዬ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን ሆን ብላ፣ «እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ» አለች። እኔ ግን አውራ ጣቴን ረቡዕ ላይ አሳርፌ ጠበቅኋት።

«ምነው ቆሙ?»

«አሳሳቱኝ እንጂ። ረቡዕ ቀርቷል።»

«አሁን ጾሙን ያዙ» አለችና ወደ በርበሬዋ ተመለሰች።

ግራ እጅ ቀርቶ ነበር። እሱን ኮሌጁ ውስጥ ፒያኖው ፊት ብቻዬን ተቀምጬ ነው ያገኘሁት። ግራ እጅ በትንሿ ጣት ይጀምርና አምስቱ ጣቶች ሐሙስ ላይ ያልቃሉ። ስለዚህ ቀጣዩን ለመያዝ መካከለኛው ጣት በአውራ ጣቱ ላይ ተሻግሮ መሄድ አለበት። ቀጣዩ ምን ቀን ነው? ዓርብ። እጄን ከፒያኖው ላይ አነሣሁ። ቀኙ የሚዞረው ረቡዕ፣ ግራው የሚዞረው ዓርብ። ሁለቱ የጾም ቀኖቻችን። ሲወርዱ ደግሞ የጾሙን ቀን ነክተው ካለፉ በኋላ መዞር ነው። ከእናቴ ጉልበት ጀምሮ የማውቃቸው ሁለት ቀናት የእጄ መታጠፊያ ሆነው ተቀምጠው ኖሯል። ለአከራዬ ስነግራት፣ «እና እናንተ ስትጾሙ እኔ በርበሬ የምሸጥላችሁ በከንቱ መስሎዎት ነበር?» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ብልም ፍርሃቱ ለቀቀኝ ማለት አይደለም። ያችን አጭር ዜማ በሁለት እጅ ስሞክር ግራዬ አሁንም ይዘገያል። የፈተናው ጧት እጄን በሙቅ ውኃ አሸሁ፤ አልሞቅ አለኝ። በረንዳው ላይ ተራ ስጠብቅ፣ ከኔ በፊት የገባችው ልጅ ከውስጥ ፒያኖው ላይ ስትሮጥበት ይሰማኛል፤ እንደ ጠጠር ዝናብ። ልመለስ ወይ አልሁ። ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ ነበር። ያኔ በሩ ተከፈተና፣ «ጋሼ፣ ይግቡ» ተባልሁ።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። ያቺ የመጨረሻው ነው ያለችኝም አለች፤ የፒያኖ መምህሬም መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ተቀመጥሁ። እሑድ። ሰኞ። ማክሰኞ። ድምፄን ዋጥ አድርጌ እጠራለሁ። ረቡዕ ላይ ቀኜ ዞረ። ዓርብ ላይ ግራዬ ተሻገረ። ቅዳሜን ነክቼ እሑድ ገባሁ። ስወርድ አንድ ቦታ ዘግይቻለሁ፣ ግን አልዘለልሁም። ዜማው ላይ መሃሉ ላይ ቆምሁ። መምህሬ በመስኮት በኩል ወደ ውጪ ማየት ጀመረ፤ ሊያየኝ እንደከበደው ገባኝ። ቆሜ ከቀረሁበት አንሥቼ ቀጠልሁ። ጨረስሁት። አላማረም፤ ግን አለቀ።

ፈታኟ፣ «ሲጫወቱ ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ነው?» አለችኝ።

«የለም፣ ቀን ነው የምቆጥረው» አልኋት።

አንዳቸውም አልሣቁም። ሦስቱም ተጠጋግተው ተነጋገሩ። የተነጋገሩት አልተሰማኝም። ከዚያ እሷ፣ «ለጥቂት ነው» አለች። «ለጥቂት አልፈዋል።»

ወረቀቱን ይዤ ስመለስ ክፍሏ ተመለሰችልኝ፤ ዛሬም አለች። ክራሮቹ ግድግዳው ላይ ናቸው፤ በር ሲከፈት ያጉረመርማሉ። ያን የምስክር ወረቀት በራፉ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ያሳለፈኝ ግን ወረቀቱም፣ ፒያኖውም፣ የኔ ጉብዝናም አይደለም። ሰው ሲጠይቀኝ የምለው አንድ ነው፤ የፍኖተ ሰላሟ የበርበሬ ነጋዴ፣ አከራዬ።