ሞተሩን የጠበቀው ድር

ማትሪክ አልመጣልኝም፤ ስለዚህ ወጥ ቤት ገባሁ። በደርግ ዘመን አርባ ምንጭ ውስጥ እንደኔ ላለች ልጅ ነገሩ አጭር ነበር። ወይ ላይኛው ከተማ ሴቻ ወጥታ ቢሮ ትቀመጣለች፣ ወይ ወደ ታች ወርዳ ከጭስ ጋር ትታገላለች። እኔ ወረድኩ። ከአዲስ አበባ የመጡ የመስኖ ጥናት ሠራተኞች ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ በታች፣ የኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ ሐይቅ በሚወርድበት በኩል ድንኳን ተክለው ነበርና ወጥ ሠሪያቸው ሆንኩ።

ያ ሰፈር እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። ፀሐይ የመታው ሸራ ሽታው፣ ትንኙ፣ የጉማሬው ማጓራት ሳይቀር ይናፍቀኛል። እውነቱን ልናገር ካልኩ የሚናፍቀኝ አንድ ሰው ነው። ግን በሱ ልጀምር ብል እንባ ይቀድመኛል፤ በሞተሩ ልጀምር።

ሞተሩ ሁለት ሰው የሚሸከመው ትንሽ ጄኔሬተር ነበር። ቀን ከጉድጓድ ውሃ ይስባል፣ ሲመሽ ካርታ ለሚስሉት መብራት ይሰጣል። ቤንዚን በኩፖን በሚገኝበት ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሌባ እንዴት ይተኛል? በመጀመሪያ የድንኳን ገመድ ተፈትቶ ሄደ። ከዚያ ጄሪካን። ከዚያ ታጣፊ አልጋ፤ ባለቤቱ ወንዝ ወርዶ ታጥቦ ሲመለስ አልጋው የቆመበት ሣር ብቻ ተጋድሞ ቆየው። የኔም ትልቁ ድስት ከነክዳኑ ተወሰደ። ውስጡ የነበረው ምስር ወጥ እስኪበላ እንኳ አልታገሱኝም።

የቡድኑ ኃላፊ ተናደደና ሰንሰለት አስመጥቶ ሞተሩን ከአንዲት ቀጭን ግራር ጋር አሰረው። ጠዋት ስንነሳ ግራሯ የለችም። ቆርጠዋታል! ሞተሩ ከነሰንሰለቱ ራቅ ብሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ተገኘ፤ ከብዷቸው ጥለውት ነው። ኃላፊው ዘበኛውን ጠርቶ፣ «ይህ የሕዝብ ንብረት ነው። ቢጠፋ እስር ቤት የምትገባው አንተ ነህ» አለው። ዘበኛው በማግሥቱ ዱላውን ትቶልን ጠፋ። በሱ ቦታ ነው ያ የሚናፍቀኝ ሰው የመጣው።

እሱ የዶርዜ ሸማኔ ነበር፤ በዕድሜ ከኔ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የሸማ ገበያ ቀዝቅዞበት ከደጋው ወርዶ ሥራ ፍለጋ መጣ። ዱላ አልያዘም፣ ጩቤ አልያዘም። ይዞት የመጣው እናቱ የፈተለችለትን አንድ ከረጢት ፈትል ነው። ኃላፊው አየውና፣ «ሌባውን ልታለብሰው ነው?» አለው።

እሱ ከኔ ወጥ ቤት ባዶ የሳልሳ ጣሳዎች ለቀመ፣ በየጣሳው ጠጠር ጨመረ። ከዚያ በአገሩ ቤቱ ደጃፍ ላይ ድር እንደሚያደራ፣ ከካስማ ካስማ እየተመላለሰ ፈትሉን በድንኳኖቹና በሞተሩ ዙሪያ በጉልበት ከፍታ ዘረጋው፤ ጣሳዎቹንም አንጠለጠለበት። ፈትሉ ቀጭን ነው፣ ሲመሽ ዓይን አያየውም። የነካው ሰው ግን ጣሳውን ያንጫጫዋል። ሲነጋ ይሰበስበዋል፣ ሲመሽ እንደገና ያደራዋል።

ሠራተኞቹ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያሉ ቀለዱበት።

«አንበሳ አይመጣም» አላቸው። «ሰው ነው የሚመጣው።»

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ጣሳው ተንጫጫ። ወንዱ ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ ወጣ። የተያዘው ኃላፊው ነበር። ሽንት ሊሸና ወጥቶ በፈትል ተተብትቦ በውስጥ ሱሪው ቆሟል። እኔ ሳቄን ማቆም አቅቶኝ የቁርሱን ሻይ ደፋሁት። ከዚያ ወዲያ በፈትሉ የቀለደ የለም፤ ሌቦቹም አንድ ሁለቴ ሞክረው ጣሳው ካባረራቸው በኋላ ተዉን።

የሸማኔው አማርኛ የገበያ አማርኛ ነበር። ጋሞኛ እንደምናገር እያወቀ እኔን በአማርኛ ነው የሚያወራኝ፤ ተምራለች ብሎ አክብሮኝ ይሁን ሊያስቀኝ እንጃ። «እህቴ፣ ደህና አደርክ?» ይለኛል። መጀመሪያ «አደርሽ በል፣ እኔ ወንድ ነኝ እንዴ?» እያልኩ ተቆጣሁት። በኋላ ማረሙን ተውኩት። ለሌሎቹ መኮሮኒ እየቀቀልኩ ለሱ የአገሩን የበቆሎ ድብልብል፣ ኩርኩፋ፣ በሽፈራው ቅጠል ለብቻ መሥራት የጀመርኩትም በዚያው ሰሞን ነው። ሠራተኞቹ ገባቸው፤ «ዛሬ ዘበኛው ምን በላ?» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር።

ከርከሮና ጉማሬው ድሩን እየበጠሱ ፈትሉ አነሰ። «እኛ አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል» አለኝ። «አንተ አትችልም?»

አልችልም። የከተማ ልጅ ነኝ። እናቱን ሊጠይቅ ወጥቶ ሲመለስ እንዝርት ይዞልኝ መጣ። ከምሳ በኋላ እሳቱ ሲበርድ ሸራው ጥላ ሥር ያስተምረኛል። የኔ ፈትል አንድ ቦታ ፀጉር ያክላል፣ ሌላ ቦታ ጣት ያክላል። ሳቀበት እንጂ አልጣለውም። ሞተሩን የሚከበውን የመጨረሻውን ዙር በኔ ፈትል አደረገው። «ይሄ ወፍራም ነው፤ ከዚህ ማንም አያልፍም» አለ። ያን ጊዜ ወደድኩት። ከዚያ በፊትም ወድጄው ይሆናል፤ ያወቅኩት ግን ያን ጊዜ ነው።

«ጥሩ አድርገህ ስትፈትል ጋቢ እሠራለሁ» አለኝ ሌላ ቀን።

«ለማን?»

«ሁለት ሰው የሚያለብስ።»

እንዝርቱ ከእጄ ወደቀ። እሱ አንስቶ ሰጠኝና ጣሳዎቹን ሊያይ ሄደ።

ጥጥ አለቀብኝ። የገበያ ቀን ነበርና እሱ ጠዋት ወደ ሲቀላ ለመውጣት ነጠላውን አጣፋ። «ጥጥ ገዝቼ እመጣለሁ። ሞተሩን አደራ» አለኝ።

«በጠራራ ፀሐይ ማን ይወስደዋል?» አልኩት።

«አደራ ነው» አለ እየሳቀ፤ ሄደ።

እኩለ ቀን ላይ ዓሣ የምትሸጥልን ሴትዮ እየሮጠች መጣች። ገበያው ተከብቧል፤ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ወንድ ሁሉ እየታፈሰ ነው አለች። ነጠላዬን አነሳሁና ደግሞ አደራው ትዝ አለኝ፤ ወደ ሞተሩ ዞሬ ቆምኩ። ኃላፊው አየኝ። ያ ከሞተር ሌላ ወሬ የማያውቅ ሰው ድንጋይ አምጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና፣ «ሂጂ፣ እኔ እጠብቃለሁ» አለኝ።

ገበያው ስደርስ ሰው የለበትም። ጎመን ተበትኗል፣ ነጠላ ጫማዎች ወድቀዋል፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው ጥጥ ተረጋግጧል። ዳገቱን በእግሬ ሴቻ፣ የታፈሱት ወደሚሰበሰቡበት ግቢ ወጣሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ዘበኛ ነው፣ ንብረት ይጠብቃል ብዬ ለፈለፍኩ። በር ላይ የቆመው ወታደር በክፋት አልተናገረኝም። «እህቴ፣ መኪኖቹ ወጥተዋል፤ ተመለሺ» አለኝ። ትክክለኛ አማርኛ ነበር።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ለአንድ የቤንዚን ሞተር ሰንሰለት ገዛን፣ ድር ዘረጋን፣ ጣሳ ሰቀልን። እሱን ሲወስዱት አንድ ጣሳ አልተንጫጫም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድሩን እኔ አደራሁት። ኃላፊው ሌላ ዘበኛ አልቀጠረም፤ ሲመሽ ጣሳዎቹን እያቀበለኝ አብሮኝ ይዞር ነበር። ጥናቱ አልቆ ድንኳኑ ሲነቀል ሞተሩ ቡሎን ሳይጎድለው መኪና ላይ ወጣ። ኃላፊው ሊሰናበተኝ እጄን ያዘ። እኔ ፈትሉን ጠቅልዬ ዶርዜ ወጣሁ።

እናቱ ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። ፈትሉን በጣቶቿ እየዳሰሰች፣ «ይሄ የኔ ነው፣ ይሄም የኔ ነው» አለች በጋሞኛ። ወፍራሙ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«መፍተል የማትችለዋ ልጅ አንቺ ነሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ፤ ከዚያ እዚያው ደጃፏ ላይ አለቀስኩ።

«ነግሮኛል» አለች። «ጋቢው የሁለት ሰው ነው ብሎኛል።» የኔንና የሷን ሳትለይ አንድ ላይ ጠቀለለችውና እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ሲመጣ ይሸምነዋል። እስከዚያ አንቺ ዘንድ ይቆይ። አደራ።»

ደርግ ወደቀ። ከሰሜን ጦር ግንባር የተመለሱትን ሁሉ ሲቀላ መናኸሪያ ቆሜ ፊታቸውን አይቻለሁ። እሱ አልነበረም፤ ሞተ ብሎ የነገረኝም የለም። እናቱ ሳታየው አረፈች። እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ፈትልም ለመድኩ፤ አሁን ጣቶቼ የሚያወጡትን ቢያይ አይስቅብኝም ነበር። ጠዋት ሰው ሁሉ «ደህና አደርሽ» ይለኛል። «ደህና አደርክ» የሚለኝ አጥቼ ደህና ያደርኩ አይመስለኝም።

ባለፈው አንድ ሸማኔ ጎረቤቴ ሳጥኔ ተከፍቶ ጥቅሉን አየና፣ «ይሄን ያህል ፈትል አስቀምጠሽ ብል ከሚበላው ልሸምንልሽ?» አለኝ። የሰው ነው አልኩት። ሞተሩን በሰላም አስረክቤያለሁ። ይህን የሚረከበኝ ግን ገና አልመጣም።