ውባለም የቀረችበት ቀብር

መርሳ ውስጥ ውባለምን የሚወዳት ቢፈለግ፣ ከእናቷ ከእማማ አስካለና ከጎረቤቷ ከሀስና በቀር አይገኝም። ሌላው ሰፈር ሁሉ ጥርሱን ነክሶባታል። ጥፋቷ ምን መሰላችሁ? ቀብር ቀረች! እዚህ አገር የፈለጋችሁትን ሁኑ፤ ስከሩ፣ ተሳደቡ፤ ቀብር ግን አትቅሩ።

ውባለም የፊዚክስ አስተማሪ ናት። ሁለተኛ ዲግሪዋን ወልድያ እየተመላለሰች ስትማር የያዘችው ጥናት የከዋክብት ነው። ሰማይ ላይ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ያረጁ ከዋክብት እንደ ንብ መንጋ ተጠጋግተው የሚኖሩበት ክምችት አለ። አብዛኞቹ በርደው ቀላ ብለዋል። ጥቂቶቹ ግን ሊሞቱ ሲሉ ጉድ እስኪባል ይግላሉ፤ ብርሃናቸውም ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ይሆናል። ያን ብርሃን አየሩ ስለሚያስቀረው፣ ጠፈር ላይ የሚዞር ቴሌስኮፕ ካልሆነ አያየውም። እሷ ቴሌስኮፑ ያነሳውን ምስል ከኢንተርኔት እያወረደች፣ ሟቾቹን ከመንጋው መሃል እየለቀመች ሙቀታቸውን ታሰላለች። ዓይኗ እስኪፈዝ ለፍታበታለች።

ጥናቷን ለፈታኞች የምታቀርብበት ቀን ደጋግሞ ተላልፎ፣ በስንት ልመና ተቆረጠ። ያን ቀን ማለዳ መናኸሪያ ቆማ ሚኒባስ ስትጠብቅ ሀስና ደወለች።

«ውቤ፣ ይማም ሞተ! የአያ ይመር ወንድም። ቀብሩ ቀትር ላይ፣ በዙሁር ሶላት ነው፤ ተመለሽ!»

አያ ይመር የቅሬው ዳኛ ናቸው። ቅሬው የሰፈሩ ክርስቲያንና እስላም በአንድነት የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ሟቹ ይማም ደግሞ የውባለምን አባት መቃብር በገዛ እጁ የቆፈረ ሰው ነበር። እናቷ ልባቸውን ታመው ከቤት አይወጡምና፣ ለቤቱ የምትቆመው እሷ ብቻ ናት። ግን ዛሬ ከቀረች ጥናቷ ውድቅ እንደሚሆን ተነግሯታል። «አልችልም» ብላ ተሳፈረች።

አለፈች፤ ያውም በማዕረግ! ስትመለስ ግን እንኳን ደስ ያለሽ የሚላት ቀርቶ ሰላምታዋን የሚመልስ ጠፋ። ቅሬው ተሰብስቦ ፈረደባት፦ ድንጋይ በአንገቷ ተሸክማ፣ ተንበርክካ ይቅርታ ካልጠየቀች፣ እሷም እናቷም ከቅሬው ይወጣሉ።

«ሰማይ ላይ ለሚሞት ኮከብ ቀን ከሌት ትማስኛለሽ፤ አባትሽን የቀበረው ሲሞት ጊዜ አጣሽ!» አሏት አያ ይመር፣ ዓይናቸው ደም ለብሶ።

«ለቅሶ ልደርስ መጥቼ በር ላይ የመለሱኝ አንቱ ነዎት! ይቅርታ በአፌ እጠይቃለሁ። ድንጋይ ግን አልሸከምም። አልሰረቅሁ፣ አልገደልኩ!»

«እንግዲያው ሬሳሽን ኮከቦችሽ ይቅበሩት።»

እማማ አስካለን ሞት አላስፈራቸውም። ያስጨነቃቸው ማን እንደሚቀብራቸው ነበር። «ብቻሽን ትሸከሚኛለሽ ልጄ?» አሏት አንድ ቀን። «ኧረ እማዬ ተይኝ!» ብላ ተቆጥታ ወጣች።

ቅሬው ዳግመኛ በተሰበሰበ ቀን ሀስና እያለከለከች መጣች። «ለእናትሽ ድረሽላቸው!»

ውባለም ሮጠች። እማማ አስካለ መጅ የሚያህል ድንጋይ አንገታቸው ላይ አድርገው፣ አፈር ላይ ተንበርክከው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ «ስለ ልጄ አፉ በሉኝ» እያሉ ይቅርታ ይለምናሉ። ያ ሁሉ ወንድ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጦ ያያል! የሚያነሳቸው አንድ እንኳ የለም። «አንቱ አልበደሉንም፤ የበደለችው ትምጣ» ብለው አያ ይመር ፊታቸውን አዙረዋል።

ውባለም ድንጋዩን ከእናቷ አንገት ነጥቃ በራሷ አንገት ላይ ጫነችውና ተንበረከከች።

«አፉ በሉኝ።»

አያ ይመር ተነስተው ድንጋዩን አወረዱላት። «አፉ ብለናል። አላህም አፉ ይበልሽ» አሉ። ጉባኤው አሜን አለ። ይቅርታ በአንድ ወገን አይሞላምና፣ አንድ ሽማግሌ «በይ እንግዲህ፣ አንቺም አፉ በይን» አሏት።

ውባለም እናቷን ደግፋ አነሳች። ከጉልበታቸው አፈሩን አራገፈችላቸው። ከዚያ ወደ ጉባኤው ዞረች።

«ለእናቴ ስል ተሸክሜያለሁ» አለች። «እኔ ግን አፉ አልላችሁም።»