ፓስፖርት ለማንም አይሰጥም

ሥራውን ገና ስገባበትም አልወደድኩትም። ዕድሜዬን ሙሉ ሥነ ዜጋ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ቤት ቁጭ ብዬ ከግድግዳ ጋር ከምጣላ ብዬ ነው የገባሁት። ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሴቶችን ለቤት ሥራ ወደ አረብ አገር የሚልክ ኤጀንሲ ነበር። እኔም በሳምንት ሁለት ቀን ሊሄዱ የተዘጋጁትን ሰብስቤ መብታቸውን እነግራቸዋለሁ። በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «ግንዛቤ ማስጨበጫ» ይባላል። ይህን ቃል የፈጠረውን ሰው ባገኘው የምለው አለኝ።

ሥራ አስኪያጁ በዕድሜ ከእኔ በብዙ የሚያንስ፣ ሽቶው ቀድሞት ደረጃ የሚወጣ ሰው ነው። አንድ ቀንም «አንቺ» ብሎኝ አያውቅም፤ እርስዎ እያለ ነው የሚንቀኝ። ትምህርቱን ያስገባው ግዴታ ስለሆነበት ነው። ለእሱ ዋናው የተሰብሳቢዎቹ ፊርማና በስልኩ የሚያነሳን ፎቶ ነበር። ፎቶው ከተነሳ በኋላ ስለ መብት ብናገር ስለ ጎመን ዘር ግድ አልነበረውም።

ሴቶቹ ግን ይጽፋሉ። የእኛ አገር ተማሪ ጠባይ ነው፤ መምህር ያለው ሁሉ ይጻፋል። በሳምንት አንድ ቀን እረፍት አላችሁ፤ ይጻፋል። ስልካችሁን ማንም ሊነጥቃችሁ አይችልም፤ ይጻፋል። አንድ ጊዜ አስነጥሶኝ ይቅርታ ስል አንዷ ከደብተሯ ቀና ብላ «ምን አሉ ቲቸር?» ብላኛለች። ያኔ ስቄ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ርዕሱ ፓስፖርት ነበር። «ፓስፖርት የባለቤቱ ነው። አሠሪም ይሁን ደላላ፣ ማንም ይዞ ማስቀመጥ አይችልም። ለማንም አይሰጥም» አልኩ። ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው።

ከመሃል አንዲት ልጅ እጇን አነሳች። ወሎ ሰፈር የምትኖር፣ መስቀል ፍላወር አንድ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ የነበረች፣ ቢበዛ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ቀደም ሲል በእረፍት ሰዓት ታሪኳን ነግራኛለች። ታላቅ እህቷ ቤሩት ናት። አሠሪዋ ማዳም ፓስፖርቷን ቆልፋ ስለያዘችባት፣ እናታቸው ስትሞት ለቀብር አልደረሰችም። ልጅቷ ከምደረድረው መብት ሁሉ የምትፈልገው አንዱን ብቻ ነበር፤ ሲብስባት ተነስታ መመለስ መቻልን።

«ቲቸር፣ ማለቴ፣ የኛን ታዲያ ለምን ያዙብን?»

ሌሎቹም ከደብተራቸው ቀና አሉ። በመስኮቱ ከታች የታክሲ ረዳት ጩኸት ይገባል። የሁሉም ፓስፖርት በተመዘገቡበት ዕለት ተሰብስቦ፣ ከሥራ አስኪያጁ ወንበር ጀርባ ባለው የብረት ካቢኔት ውስጥ ተቆልፎበታል። ወደ ሌላ ኤጀንሲ እንዳይሄዱ ነው። አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብል ደስ ባለኝ።

«እሱ ለጥንቃቄ ነው» አልኩ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

ሁሉም አቀርቅረው ጻፉ። ከፊቴ የተቀመጠችውን ሴት ደብተር ቆሜ አነበብኩት። ‹ፓስፖርት ለማንም አይሰጥም› ይላል። ከሥሩ ደግሞ ‹ለጥንቃቄ ከሆነ ይሰጣል›።

ራሴን ጠላሁ። የዚያች ልጅ እህት ማዳምም የምትለው ይህንኑ ነው፤ ልቆልፍብሽ ነው ብሎ ፓስፖርት የሚቀበል ሰው የለም። ነገ አንዲት ማዳም በር ላይ ቆማ ፓስፖርትሽን አምጪ ብላ እጇን ስትዘረጋ፣ የእነዚህ ሴቶች ደብተር ከእሷ ጋር ሊያብር ነው። ያስጻፍኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሳልበላ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ፓስፖርታቸውን እንዲመልስ፣ ቢያንስ ለሚጠይቁት እንዲሰጥ ነገርኩት። ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም።

«ቲቸር፣ እርስዎ የሚያስተምሩት እኮ የውጭ አገር መብት ነው» አለኝ። «እዚህ አገራችን ነን፣ በቃ።»

 እየቀለደ ቢሆን እሰድበው ነበር። ሰውየው ግን ከልቡ ነበር፤ መብት ማለት ለእሱ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚደረስበት ነገር ነው።

ከምሳ በኋላ ክፍል ገብቼ እንደቆምኩ፣ «ጠዋት የነገርኳችሁ ውሸት ነው። ለጥንቃቄ ብሎ መያዝ የሚባል የለም። ሰርዙት» አልኳቸው። ሰረዙ። ልጅቷ ብቻ እስክሪብቶዋን አላነሳችም።

«አሁን ሊመልሱልን ነው?» አለች።

«አይመልሱም።»

«ታዲያ ብንሰርዘው ምን ይሆናል ቲቸር?»

መልሴን አልጠበቀችም። ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነስታ ወጣች። ሌሎቹም ነገሩን ለማየት ተከተሏት፤ እኔም ተከተልኩ። ኮሪደሩ ሞላ። ከሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ፊት ቆማ ድምፅዋን ሳታነሳ «ፓስፖርቴን ይስጡኝ» አለችው። መልሳ እንደምታመጣው አልነገረችው፣ አልለመነችው፣ እኔንም ዞር ብላ አላየችኝ።

እሱም አልተከራከራትም። ካቢኔቱን ከፈተ፣ በላስቲክ ከታሰረው መሃል የእሷን መዘዘና ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ከዚያ የተጓዦቹን ዝርዝር ስቦ ስሟን ሰረዘ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለ፣ ለእሷ ሳይሆን ኮሪደሩ ላይ ለቆሙት። «ሌላ የሚፈልግ አለ?»

ማንም ወደ ጠረጴዛው አልቀረበም። ልጅቷ ፓስፖርቱን ገልጣ ፎቶዋን አየችና ደረጃውን ወረደች። ወደ ካፌው ተመልሳ ትሁን፣ ሌላ ኤጀንሲ ሄዳ ትሁን አላውቅም። ከዚያ በኋላ አላገኘኋትም።

በዚያች ደቂቃ ቦርሳዬን አንስቼ እሷን ተከትዬ መውረድ ነበረብኝ። ሥራ አስኪያጁን ስረግመው ብውልም ይህን ያላደረግኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ክፍል ተመለሱ፣ ተቀመጡ፣ ደብተራቸውን ገልጠው ጠበቁኝ። ተከትያቸው ገባሁ። የሚቀጥለው ርዕስ አቤቱታ የማቅረብ መብት ነበር። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት።