የኢብቲሃል ተራ

በጋቤስ ከተማ መናኸሪያ በልጋሲምን የማያውቅ ሹፌር አልነበረም። ስምንት ሰው ሲሞላ የምትነሳ፣ ሉዋጅ የሚሏት ነጭ ታክሲ አለችው፤ በእሷ ከጋቤስ ስፋክስ፣ ከስፋክስ ጋቤስ ሲመላለስ ነው ጸጉሩ የሸበተው። ተሳፋሪ ሲያዋክበው ይቀልዳል። "ምን አስቸኮለህ ልጄ፣ ዘግይተን ብንደርስ ስፋክስ ትሸሻለች?" ይላል። ጨዋታው ሁሉ ግን ለደጅ ነበር። ቤት ሲገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው፤ ልጁ ተኝታ እንደሆነ አይታወቅማ።

ኢብቲሃል አንድያ ልጁ ነበረች። እሱና ሚስቱ ሙንጂያ ተስፋ ቆርጠው ከተቀመጡ በኋላ የመጣች ልጅ ናት። ትንሽ ሆና የያዛት የጉሮሮ ሕመም ውሎ አድሮ ልቧ ላይ ወረደና፣ እያደገች ስትሄድ ትንፋሽዋ እያጠረ መጣ። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት አቃታት፤ ቀጥሎ ገበያ መሄድ ቀረ፤ በመጨረሻም ትምህርቱን ተወችው። ከዚያ ወዲያ ዓለሟ በመስኮቱ ሥር የተነጠፈው ፍራሽ ሆነ። ፍራሹ ላይ ጋደም ብላ ስልኳን ስትነካካ ትውላለች፤ አንዳንዴም ለብቻዋ ትስቃለች።

አባት ነውና ነገሩ ከነከነው።

"ከማን ጋር ነው እንዲህ ስትስቂ የምትውይው?"

"ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር።"

"የምን ትምህርት ቤት? ከተውሽው ስንት ጊዜሽ!"

"ሌላ ነው አባዬ። ና ተቀመጥ፣ ላሳይህ።"

አሳየችው። ስለ አስማተኞች የሚያወራ የባሕር ማዶ መጽሐፍ ያሳበዳቸው ልጆች ናቸው፤ አንዷ ከስፋክስ፣ አንዱ ከአልጀርስ፣ ሌላዋ ከትሪፖሊ፣ ሌሎችም ከየአገሩ። ተሰባስበው ኢንተርኔት ላይ የራሳቸውን የአስማት ትምህርት ቤት መሥርተዋል። ስሙ ሰባቱ ምንጮች ይባላል፤ በረሃ መሃል፣ ከአንድ የደረቀ ጉድጓድ ሥር ነው ያለው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ሰው ፈጥሮ ያንን ሰው ሆኖ ይጽፋል። አንዷ ጽፋ ስትጨርስ ሌላው ከዚያው ይቀጥላል፤ ጨዋታው በዚህ ዓይነት ዓመት ከዓመት ይሄዳል። የኢብቲሃል ሰው ጁሀይና ትባላለች። ጁሀይና ረዥሙን ደረጃ በሩጫ ትወጣለች፤ ከግንብ ወደ ግንብ በነፋስ ትሻገራለች፤ አስተማሪ ሲናገራት አፍ ለአፍ ትመልሳለች። በሽታ የሚባል ነገር አታውቅም።

"ይቺ ጁሀይና ምላሷ የእናትሽ ነው" አለ በልጋሲም።

"ሰማሁህ!" አለች ሙንጂያ ከወጥ ቤት።

"አንቺ ባትኖሪ ሌላ ሰው በእሷ አፍ ሊናገር ይችላል?" ብሎ ልጁን ጠየቃት።

"አይቻልም። በሰው አፍ መናገር ክልክል ነው። ተራህ እስኪደርስ ዝም ብለህ ትጠብቃለህ።"

"ባለ ተራው ቢቀርስ?"

"ይጠብቁታል።"

ኢብቲሃል የሞተችው ሮማን ሲያብብ ነው፤ ጠዋት፣ እናቷ ሻይ ልታፈላ ዞር ባለችበት። ሙንጂያ ብርጭቆዋን ይዛ ስትመለስ ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ቀርታለች። ጎረቤት ቀበረ፤ ቁርአን ተቀራ፤ ኩስኩስ ተበላ፤ ሰውም ወደየቤቱ ተበተነ።

ስልኳን ማንም አላሰበውም ነበር። በልጋሲም መሳቢያ ውስጥ አግኝቶ ቻርጅ ሲያደርገው መልእክቱ እንደ በረዶ ወረደበት። "ጁሀይና፣ ተራሽ ነው።" "ጁሀይና፣ የት ጠፋሽ?" "ሁላችንም በሩ ላይ ቆመናል፣ ያላንቺ አንገባም።" መጨረሻ ላይ ያለው ሻማ ከምትባለው ነበር። ሻማ የጁሀይና የመኝታ ክፍል ጓደኛ ናት። "ጨለማው እየመጣ ነው። በሩን ልዘጋው ነው። ትገቢያለሽ፣ አትገቢም?" ይላል።

በልጋሲም መርዶውን ሊነግራቸው ተቀመጠ። ትምህርቱን ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው፤ ፊደል መልቀም ያደክመዋል። "እኔ የኢብቲሃል አባት ነኝ" ብሎ ጀመረና አጠፋው። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና አጠፋው። በዚያ በር ላይ የቆሙት ልጆች ታዩት። ኋላም "ገባች" ብሎ ጻፈ። ያችን አንዲት ቃል ብቻ።

ልጆቹ በደስታ ፈነደቁ። በልጋሲም ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ እዚያው ፍራሹ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተኛው ያን ቀን ነው።

በማግስቱ እነግራቸዋለሁ አለ። በማግስቱ ግን የጁሀይና ተራ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ እስኪሞላ መሪው ላይ ደፋ ብሎ ሲጽፍ ይታያል። ባልደረቦቹ ዝም አላሉትም።

"በልጋሲም ሁለተኛ ሚስት አግብቷል መሰለኝ፣ ከስልኩ አልነቀል አለ።"

"የመጀመሪያዋ መቼ ሰለቸችው?"

"ብታዩአት አትፈርዱብኝም" ይላቸዋል፤ ይስቃሉ።

የጁሀይና ጠባይ ግን ተለወጠ። መሮጡን ተወች፤ ፊደል ትገድፋለች፤ ለአስተማሪዎች "እንዴት አደሩ" ትላለች። አንድ ልጅ ጫካ ውስጥ ሲጠፋባቸው ሌሎቹ በአስማት ሊፈልጉት ሲራኮቱ፣ እሷ እሳት አንድዳ "ራቱ እስኪደርስ ይመጣል" አለች። ልጆቹ አላገጡባት። "ጁሀይና አረጀች" አሉ፤ "አያት" የሚል ስምም አወጡላት። ሻማ ብቻ አላሾፈችም። ከጨዋታው ውጪ ለብቻዋ እየጻፈች የልቧን ታጫውታታለች። የሻማ እውነተኛ ስም ሱንዱስ ነው፤ ስፋክስ ውስጥ አንድ ጥርስ ሐኪም ዘንድ እንግዳ ተቀባይ ናት። ስለ እናቷ ቁጣ ትጽፋለች፤ አገባሻለሁ እያለ ከዛሬ ነገ ስለሚያመላልሳት ሰውዬም ትጽፋለች። በልጋሲም አንብቦ ሲያበቃ ቀኑን ሙሉ ያስባል፤ ከዚያ ለገዛ ልጁ ይመልስ እንደነበረው ይመልስላታል።

ሙንጂያ ያወቀችው ቅዝቃዜው ሲገባ ነው። ማንበብ አትችልም፤ ግን ባሏ በልጃቸው ስልክ ሲስቅ አየችው።

"ምን እያደረግህ ነው?"

ሊዋሻት አልቻለም። ሁሉንም ነገራት።

"ሬሳ ታናግራለህ? አላህን አትፈራም አንተ ሰውዬ?"

"እኔ አላናገርኳትም ሙንጂያ። እነሱ ናቸው የጠሯት።"

"ሞታለች በላቸዋ! አፍ የለህም?"

ስልኩን ነጥቃው ሄደችና የዱቄት እቃው ውስጥ ቀበረችው። በልጋሲም አልተከራከረም። ጥቂት ቀን አለፈ። አንድ ምሽት ከራት በኋላ በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች አምጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

"አንብብልኝ" አለች። "ምን እያደረገች ነው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከበልጋሲም እጅ ወጣ። ሙንጂያ ገና ከበር "ዛሬስ?" ትላለች። በልታ እንደሆነ፣ ብርድ እንዳልመታት፣ ያቺ ሻማ የምትባለው ልጅ ደህና ሰው መሆኗን ትጠይቃለች። መቃብር መሄዱን ተወች። ልቅሶ የሚደርሷትን ሴቶች ፊት ትነሳለች። "ልጄ ትምህርት ቤት ናት" ስትል ጎረቤቷ ሰምታ ለበልጋሲም ነገረችው። በልጋሲም ፈራ። እንዳይተው ሙንጂያን እያየ፣ እንዳይቀጥልም ሙንጂያን እያየ፣ ይጽፋል።

ሱንዱስ ደግሞ እንገናኝ ማለት ጀመረች። እሱም ሰበብ ይደረድራል፤ ፈተና አለብኝ፣ እንግዳ መጥቶብናል ይላል። ሰበቡ ሲያልቅበት "አሞኛል፣ አትምጪ" ብሎ ጻፈ። መጥፎ ነገር የጻፈው ያኔ ነው። ለታመመ ጓደኛ የማይመጣ ማን አለ?

አንድ ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ስፋክስ መናኸሪያ፣ አንዲት ቀጠን ያለች ወጣት የባቅላዋ ካርቶን ታቅፋ ከበልጋሲም ጎን ገቢና ተቀመጠች። ሉዋጇ ሞልታ ተነሱ። የማሕረስን ከተማ ሲያልፉ ልጅቷ ዞር አለች።

"አጎቴ፣ የጋቤስ ሰው ነዎት?"

"እትብቴ የተቀበረው እዚያ ነው።"

"አንድ ሹፌር ያውቁልኝ እንደሆነ ብዬ ነው። በልጋሲም ይባላል። ልጁ ጓደኛዬ ናት፤ ታማብኝ ልጠይቃት ነው።"

በልጋሲም መሪውን ጨበጠ። ሁለቱም ዳር ወይራ ነው፤ ረድፍ በረድፍ ያልፋል።

"አውቀዋለሁ" አለ።

"ደህና ሰው ነው?"

"እኔ እንጃ ልጄ።"

ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ስለ ኳስ ይከራከራሉ። ስኺራ ከተማ ሲደርሱ ከመንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት አቆመ። ተሳፋሪው ሊፍታታ ወረደ፤ ልጅቷን በእጁ ጠቅሶ ትንሽ ፈቀቅ አደረጋት።

"በልጋሲም እኔ ነኝ።"

ፊቷ በራ። "እውነትዎን ነው? ታዲያ እንዴት ሆነች?"

"ሞታለች ልጄ።"

"ዛሬ?"

"አምና። ሮማን ሲያብብ።"

ልጅቷ ልትስቅ ቃጣት። "አጎቴ፣ ትናንት ጽፋልኛለች እኮ።"

"እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ካርቶኑን መሬት አስቀመጠችው። ስትናገር ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

"ለእሷ የነገርኳት ሁሉ... ስለ እናቴም፣ ስለዚያ ሰውዬም?"

"አንብቤያለሁ። ከአፌ ግን አልወጣም።"

"'ተይው፣ ቢወድሽ ኖሮ በር ላይ አያቆምሽም ነበር' ያሉኝ እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ትቼዋለሁ እኮ" አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "እሷ ስላለችኝ ነው የተውኩት።"

በልጋሲም ካርቶኑን ከመሬት አነሳላት። ይቅርታ ማለት እንኳ ትንሽ ሆነበት። ወደ ስፋክስ የሚመለስ ሉዋጅ ላሳፍርሽ ቢላት እምቢ አለች። መቃብሯን ሳላይ አልመለስም አለች።

መቃብሩን አሳያት፤ ከዚያም ቤት ወሰዳት። እዚያ ነው ነገሩ የከፋው። ሙንጂያ ማን እንደሆነች ስትሰማ አቅፋ ልትለቃት አልቻለችም። ፍራሹ ላይ አስቀመጠቻት፤ ዳቦ በሀሪሳ በርበሬ፣ እንቁላል፣ ቴምር፣ ቤት ያፈራውን ሁሉ ፊቷ ደረደረች።

"አንቺ አብረሻት ነው የምታድሪው አይደል? ማታ ልብሷን ትገፋለች፤ አልብሻት። ጁሀይና ስትተኛ ታስላለች?"

ሱንዱስ በልጋሲምን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

"አታስልም፣ እናቴ" አለች። "ደህና ናት።"

"አላህ ይባርክሽ። በይ ብዪ።"

ልጅቷ አንድ ጉርሻ ዋጠች፤ ሁለተኛው አልወርድ አላት። በልጋሲም ወደ መናኸሪያ ሲሸኛት ከመውረዷ በፊት "እኔ እንዲህ አድርጌ መኖር አልችልም አጎቴ። እሳቸውም አይችሉም። አሟቸዋል" አለችው።

"አውቃለሁ" አላት። "መውጫው ግን የት እንዳለ አላውቅም።"

ሱንዱስ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ለተንኮልም አላደረገችውም። ለሰባቱ ምንጮች ልጆች እውነቱን ነገረቻቸው። ልጆቹ ደነገጡ፤ አለቀሱ፤ ጥቂቶቹም ተቆጡ። ከዚያ ተማክረው ለኢብቲሃል ክብር የመሰላቸውን አደረጉ። ጁሀይናን በጨዋታው ውስጥ ቀበሯት። ሰባቱም ምንጮች ለአንድ ቀን ቆሙ፤ አስተማሪዎቹ በእግራቸው ሸኟት፤ እያንዳንዱ ልጅ ስለ እሷ ጻፈ። ያማረ ነበር። በልጋሲም መናኸሪያ ተቀምጦ አነበበው፤ ተሳፋሪ ሞልቶ ሁለት ጊዜ "እንሂድ እንጂ!" እስኪሉት ድረስ። ሲጨርስ አንድ ነገር ሊጽፍ ሞከረ። ገጹ አልቀበል አለው። የጁሀይና ስም ግራጫ ሆኗል፤ ተዘግቷል።

ማታ ሙንጂያ "ዛሬስ?" አለችው።

ሊፈጥርላት ይችል ነበር። ሁሉ በቃኝ ብሎ ነው ወይስ ደክሞት፣ እሱም አያውቀውም፤ እንዳለ አነበበላት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"ማን ቀበራት?"

"ልጆቹ።"

"ያቺ ልጅም አለችበት? ዳቦዬን የበላችው?"

"አለችበት።"

"አንተስ ዝም አልክ?"

"ምን ላድርግ ሙንጂያ? ሞታለች እኮ። ከአምና ጀምሮ ሞታለች።"

ሙንጂያ አልጮኸችም። በቀብሩ ቀን ያልወጣላት ለቅሶ አሁን መጣ፤ ግን ድምፅ አልነበረውም። እስኪነጋ ፍራሹ ላይ ተወዛወዘች። በልጋሲም ሊይዛት ቢጠጋ እጁን ገፋችው። "አንዴ አላህ ወሰዳት፣ አልተቆጣሁም" አለች። "ሁለተኛ ግን የሰጠኸኝም የወሰድክብኝም አንተ ነህ።"

ሱንዱስ አንድ ጊዜ ደወለች። በልጋሲም አነሳውና ደህንነቷን ጠየቃት፤ እሷም ጠየቀችው፤ ከዚያ ተሰነባበቱ። አልደገመችም።

ለዒድ ሙንጂያ ማረት ከተማ፣ እህቷ ዘንድ ሄደች፤ ሳትመለስም ቀረች። አልተፋቱም፤ የተጣላም የለም። በልጋሲም አርብ አርብ ከሶላት በኋላ ይሄዳል። የሚስቱ እህት ምግብ ታቀርባለች፤ ሦስቱም ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ስለ ድርቁ፣ ስለ ጎረቤቱ ሰርግ፣ ስለ መኪናዋ ፍሬን ያወራሉ። ሙንጂያ ለተጠየቀችው ትመልሳለች እንጂ አትጠይቅም። ሻዩ ሲያልቅ በልጋሲም ይነሳል፤ "ትመጫለሽ?" አይላትም፤ መልሱን ያውቀዋል። እሷም እስከ በሩ ትሸኘዋለች፤ መኪናዋ ሳትነሳ ወደ ውስጥ ትገባለች።