ዳኛው ላጲሶ ዓይኑን በልክ አሠራ

በሰሚት ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ ባለችው አቧራማ ሜዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሠፈር ኳስ የሚዳኘውን ላጲሶን በጨዋታ ሕግ ዕውቀት የሚያህለው አልነበረም። ችግሩ ማየት ላይ ነው። ከተለካ ዘመን ያለፈውን፣ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽሩን በላስቲክ ማጅራቱ ላይ አስሮ ይሮጣል፤ ላብ ሲያጥበው መነጽሩ ይደበዝዛል፤ ሲደበዝዝ ላጲሶ በግምት ይዳኛል። አንድ ጊዜ በካፊያ ቢጫ ካርድ ያሳየው ሰው ከመስመሩ ዳር ቆሞ ስልክ የሚያወራ ጎረቤት ነበር። ሰውዬው ካርዱን በትሕትና ተቀብሎ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና፣ «ስልክ ቁጥር የለበትም እንዴ?» አለው።

ነገሩ የለየለት ግን የመገናኛና የሰሚት ልጆች ለዋንጫ የገጠሙ ዕለት ነው። የሰሚቱ አምበል ጉቱ የለጋት ኳስ የላጲሶን ግንባር መታችና መነጽሩ መሬት ወደቀ፤ ሲፈልገው ራሱ ረገጠው። ጨዋታ ማቋረጥ ክብሩ አልፈቀደለትም። የቀረውን በጆሮው ዳኘ፤ ጩኸት ሲበዛ ጥፋት፣ ሲብስ ጎል። ሲያልቅ የአሸናፊው አምበል መስሎት «እንኳን ደስ አለህ!» ብሎ ያቀፈው የተሸናፊውን በረኛ ነበር። በረኛው ያለቅስ ነበር።

በሳምንቱ ቦሌ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ሄደ። ዶክተር ሮሃ አገጩን መሣሪያ ላይ አስደግፋ ዓይኑን ስትለካ ቆየችና ኮምፒውተር ላይ ቀለም በቀለም የሆነ ካርታ አሳየችው።

«ይሄ የዓይንዎ የፊት ሽፋን ነው። የሰው ዓይን እንደ ጣት አሻራ ነው፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ዓይንዎን የሚያስተካክለው የሌዘር ጨረር ይህን ካርታ ተከትሎ፣ ለእርስዎ ብቻ በሚሆን ልክ ነው የሚሠራው።»

ላጲሶ ደረቱ ተነፋ። ቤት ሲገባ ለባለቤቱ ለሄኒና ለአማቱ ለእማማ አዝመራ፣ «በልኬ ነው የሚሠራልኝ!» አለ።

«እንደ ሱፍ?» አሉ እማማ አዝመራ። «ልብስ ሰፊ እንኳ ደግሞ ይለካል። ደግማ መለካቷን ጠይቅ።»

ጠየቀ። ዶክተሯ ስቃ፣ ደግማ ለካችው።

የቀጠሮው ቀን አስተኝተው የሚያደነዝዝ ጠብታ አደረጉለት። አረንጓዴዋን መብራት ብቻ እንዲያይ፣ እንዳይነቃነቅም ዶክተሯ ነገረችው። መሣሪያው ጠጠጠ ማለት ሲጀምር የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ መጣ።

«ዶክተር! የሆነ ነገር እያረረ ነው!»

«ሌዘሩ ሲሠራ ነው የሚሸተው። አይናገሩ።»

ላጲሶ አጠገቡ የቆመችውን ነርስ እጅ ጨመደደ። በደንብ ሳይፈራ ሥራው አለቀ። ሲነሣ ነርሷ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታፍታታ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ዓይኑ ሽንኩርት እንደተከተፈበት ያነባ ጀመር። እንዳያሸው ተነግሮታል። እማማ አዝመራ በጌታ ስም ጸለዩለት፤ ጸሎት ላይ ጥንቃቄ ቢታከል አይከፋም ብለውም ጋደም እንዳለ ሁለት እጆቹን በነጠላቸው አሰሯቸው።

«እማማ፣ ሌባ መሰልኩ እኮ!»

«የዳኘሃቸው ልጆች ቢያዩህ ደስ ይላቸዋል። ዝም ብለህ ተኛ።»

በማግስቱ መጋረጃው ሲገለጥ ላጲሶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከፎቅ ሆኖ ታች የቆመውን ሚኒባስ ታርጋ አነበበ። የዛፍ ቅጠል ከሩቅም አንድ በአንድ እንደሚለይ ላገኘው ሁሉ አወራ፤ ሰዉ ሁሉ ያውቅ ነበር። ከዚያ ሄኒን በሩ ላይ ቆማ አያት።

«አገጭሽ ላይ ያለው ጠባሳ መቼ ወጣብሽ?»

«ልጅ ሆኜ ከደረጃ ወድቄ።»

«ስንጋባም ነበር?»

«የሰርጋችን ፎቶ ላይ አለ እኮ፣ ላጲሶ!»

ጠጋ ብሎ አያት። ሄኒ አፍራ ፊቷን ሸፈነች። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ከኋላ ከኋላዋ ሲል ዋለ።

ዶክተሯ ሜዳ መግባት ስትፈቅድለት የሠፈሩ ሰው አዲሱን ዓይን ሊያይ ጎረፈ። ጨዋታው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ጉቱ ዘሎ ኳሷን መረብ ውስጥ ከተታትና እየጨፈረ ሮጠ። ላጲሶ ፊሽካውን ነፋ።

«በእጅህ ነው።»

«ኧረ በናትህ ዳኛ፣ በጭንቅላቴ!»

«በግራ እጅህ። ትንሿ ጣትህ ላይ ፕላስተር አለ።»

ጉቱ ፕላስተሩን አየ። ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ «አለቀልን» አለ።

እውነትም አለቀላቸው። የተጎተተ ማሊያ፣ የተረገጠ ጣት፣ ከከንፈር የተነበበ ስድብ፤ ላጲሶ አንዱንም አላለፈ። በዕረፍት ሰዓት በታሪካቸው ተስማምተው የማያውቁት ሁለቱ አምበሎች አንድ ላይ መጡ።

«ጋሼ፣ ማየቱንስ እዩ» አለ ጉቱ፣ «ያዩትን ሁሉ ግን አይንፉት። ኳስም እንጫወት።»

ላጲሶ አሰበበት። በሁለተኛው አጋማሽ ትንንሹን ጥፋት እያየ አለፈ፤ ጨዋታው አማረ፤ ሁለት ጎልም ገባ።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ጨዋታውን ከዳር ሆነው ያዩት እማማ አዝመራ ክንዱን ያዙት።

«ተባረክ፣ ደህና ዳኝተሃል። ሁለተኛዋ ጎል ግን ኦፍሳይድ ነበረች።»

«አልነበረችም፣ እማማ።»

«ነበረች።»

ላጲሶ ደረጃውን ሲወጣ የጎሏን አገባብ በጣቱ ግድግዳው ላይ እየሣለ ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን፣ «ትንሽ ኦፍሳይድ ሳትሆን አልቀረችም» አለ።