የኮከቧን ፍጥነት ተሳስቼ

ዛሬ ጠዋት የራሴን ስህተት ሳገኘው እጄ ኪቦርዱ ላይ ደርቆ ቀረ።

በጽንፈ ዓለም መጀመሪያ የተወለዱት ከዋክብት ሲሽከረከሩ ምን ያህል ናይትሮጅን እንደሚሠሩ በኮምፒውተር አስልቼ፣ ውጤቱን ከዩኒቨርሲቲ አማካሪዬ ጋር ለሳይንስ መጽሔት ልከን ነበር። ለካ በስሌቱ ውስጥ ያለችውን ኮከብ የመሽከርከር ፍጥነት በእጥፍ ነው ያስገባሁት! ውጤቱ ሁሉ ገደል ገባ።

ዝም ልበል አልኩ። (ማን ሄዶ ኮከቧን ይጠይቃል?)

ፍርሃቱ አላስቀምጥ ሲለኝ ቁስቋም ሰፈር አማካሪዬ ቤት ድረስ ሄጄ ነገርኳቸው።

አማካሪዬም፣ "ምነው፣ ልትደብቂኝ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እኔም ሳልመረምር ስሜን አስገብቻለሁ። ቁጭ በይ፣ ለመጽሔቱ አዘጋጆች አብረን እንጻፍላቸው።"

ጽሑፉ ይመለስልን ብለን ላክን። መልስ ገና አልመጣም፤ ስልኬ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ።

እናንተስ፣ ማንም ያላየባችሁን ስህተት ራሳችሁ ተናግራችሁ ታውቃላችሁ?