ቋሚ ናት

ጥቅምት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ይላል የደረቀች አበባ የተለጠፈችበት ወረቀት። ከቀኑ ሥር «ከኦጎልቾ መንገድ በላይ፣ ደረቅ ዐለታማ ቁልቁለት፣ ቢጫ አበባ» ተብሎ ተጽፏል። «ዓመታዊ ወይስ ቋሚ?» ከሚለው ፊት ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው። በአሰላ የሥነ ሕይወት መምህር የነበረው ወልደጻድቅ በሦስተኛው ቀን ልቡ ቆመና ሳይሞላው ቀረ።

ባለቤቱ የውብዳር የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናት፤ ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት አታሳልፍም፣ ያላየችውንም አትጽፍም። ለቅሶ የመጡት ባልደረቦቹ የደረቀችውን አበባ አይተው፣ «አደይ ናት፤ ‹ዓመታዊ› ብለሽ ሙዪውና ከትምህርት ቤቱ ስብስብ ትግባ» አሏት። እሱ ግን አደይ አይደለችም ብሎ ነበር። አደይ ዘሯን በትና ትሞታለች፤ ይህቺ ከሥሯ ተመልሳ ታቆጠቁጣለች ብሎ ነበር። የእሱን ቃል በሰው ግምት መለወጥ አልሆነላትም። ዓመት ጠበቀች።

ጥቅምት ሲመለስ ወደ ቁልቁለቱ ወረደች። የመሬቱ ባለቤት ኦቦ ሀሰኖ ባሏን ያውቁት ነበርና ፊት ፊት እየመሩ ወሰዷት።

«‹አደይ እኮ ነው፤ ንቀለውና ሥሩን እየው› ብዬው ነበር» አሉ። «‹ከነቀልኩትማ ለከርሞ ማን ያበቅልልኛል?› አለኝ። ደግሞ ቋሚ ነው ይላል። ‹እንደ መንግሥት ሠራተኛ?› አልኩት። ‹ጡረታ ብቻ ነው የሌለው› ብሎ ሳቀብኝ።»

የውብዳርም ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ በሰው ፊት ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሁለት ዐለት በተገናኘበት ስንጥቅ ላይ ቢጫ አበባ ቆሟል።

«ይኸው፣ እትዬ» አሉ ኦቦ ሀሰኖ።

እሷ አልተቻኮለችም። ከወደቀ ዘር የበቀለም ሊሆን ይችላል። ተንበርክካ ቅጠሉን ገለጥ አደረገች። እንጨት የመሰለ ያምና ግንድ አለ፤ አዲሶቹ ቀንበጦች የወጡት ከዚያው ከግርጌው ነው። ግንዱ ላይ ፀሐይ ያደበዘዘው ቀይ ሲባጎ ታስሯል። የሽንኩርት ከረጢት ማሰሪያ ነው። እጇ ሲባጎው ላይ ቆየ።

«ልፍታው?»

«ይተዉት፣ ኦቦ። ለከርሞም ይፈለጋል።»

ቤቷ ገብታ ከእሱ ጽሑፍ ጎን በራሷ እጅ «ቋሚ» ብላ ሞላችው።

አምና፣ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቀን፣ ሽንኩርት እንዲገዛላት ኦጎልቾ የላከችው እሷ ነበረች። ሲመለስ ዘግይቶ መጣ። ከባጃጅ ሲወርድ የከረጢቱ አፍ ተከፍቶ ሽንኩርቱ ግቢው ውስጥ ተንከባለለ።

«ማሰሪያውን የት ጣልከው፣ አንተ ሰውዬ?»

«ላንዲት ሴት አዋስኳት።»

«ቆንጆ ናት?»

«ቢጫ ለብሳለች።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሽንኩርቱን አንድ ባንድ ለቀመና በረንዳው ላይ አሰጣው።